እናቴ በጉን የባረከችበት ፋሲካ

ቤቴ በግ በግ ይሸታል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለጀመረ በጉን ደጅ ማሳደር አልተቻለም፤ ጅቡም አለ። ከጓዳው በር አጠገብ አስረነዋል። የእርጥብ ጠጉሩ፣ የተነጠፈለት ሣርና የሚያመነዥከው ቅጠል ሽታ ተቀላቅሎ እስከ መኝታዬ ይደርሳል። ባሌ ካረፈ አራተኛ ወሩን ይዟል፤ በዚህ ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ እሱን ያስታውሰኛል። ይህ ሽታ ብቻ እሱን አልፎ ይወስደኛል፤ ሰባት ዓመት ሆኖኝ አሶሳ ወደ ጾምኩት የመጀመሪያ ሁዳዴ።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በቀን አምስት ስድስት መስመር። ከዚያ ካለፈ እጄ ይፈዛል፣ ሐሳቤም ወደ መቃብሩ ይሄድብኛል። ቢሆንም እጨርሰዋለሁ። ስለ እናቴ የሚወራውን ሰምቻለሁ። አንዱ እብድ ነበረች ይላል፣ ሌላው ቅድስት ያደርጋታል። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

አባቴ ከዳሞት የዘመተ ወታደር ነበር። አገሩ ከገበረ በኋላ አሶሳ ላይ ቅሩ ከተባሉት ጋር ቀረ። ከኮረብታው ግርጌ የማደሪያ መሬት ተሰጠው፤ በሽመል፣ በአገሩ ቀርከሃ፣ የታጠረች፣ ግድግዳዋም ሽመል የሆነች ጎጆ ሠራና እናቴን፣ እኔንና ያኔ ጡት ያልጣለችውን እህቴን አስመጣን። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ንዳድ ያዘው፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አላውቅም ነበር።

ሻምበሉ የመጣው በቅበላ ሰሞን ነው። የሰፈሩ ወታደሮች አለቃ እሱ ነበር፤ መሬት የሚሰጠውም የሚነሣውም እሱ። ከበቅሎው ሳይወርድ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ጠራት።

“ጥሩነሽ፣ እንደምን ከርመሻል?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ።”

“መሬቱ የወታደር ነው። ወታደሩ ደግሞ ሞቷል። ይህን ታውቂዋለሽ?”

“የቀበርኩት እኔ ነኝ እኮ።”

ሻምበሉ ክፉ ሰው መስሎ መታየት የማይወድ ሰው ነበር። “ወንድ የሌለበት ቤት ቤት አይባልም” አለ። “እስከ ፋሲካ ታግሼሻለሁ። በፋሲካ ጠዋት በግሽ በሥላሴ ስም ተባርኮ ከታረደ ቤቱ ቤት ነው፤ መሬቱም ይጸናልሽ። ሳይባረክ ከዋለ ግን ቤቱ እንደ ፈረሰ እቆጥረዋለሁ፤ ለሚያገለግል ሰው እሰጣለሁ።” ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ መለስ አደረገ። “ደምሴን ታውቂዋለሽ። ሚስቱ ሞታበታለች። ቢላውም ስል ነው።”

ነገሩ ለአዋቂ ግልጽ ነበር። በግ የሚያርደው ወንድ ነው። ሴት ያረደችው አይበላም፤ ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። አባት ከሌለ ወንድ ልጅ ያርዳል፤ የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ ቢሆን ጣቱን ቢላው ላይ ካሳረፈ ሌላው ይጨርስለታል። እኛ ቤት ያንን የምታህል ጣት አልነበረችም። ሻምበሉ ደምሴን ስለ ጠራ ደግሞ ከወታደሮቹ ማንም ደፍሮ ደጃችንን አይረግጥም። ስለዚህ በጉን ደምሴ ያርዳል፤ ደምሴ ካረደው ቤቱ የደምሴ ነው፤ እናቴም፣ እኛም።

እናቴ የአባቴን ጋቢ ገበያ ወስዳ በበግ ለወጠችው። ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ቡና ዓይነት ምልክት ያለበት በግ ነበር። ማታ ማታ ጎጆ ውስጥ ይገባል፤ እኔና እህቴ ጀርባው ላይ ተደግፈን እንሞቃለን። ጠዋት ስንነሳ ልብሳችን እሱን እሱን ይሸታል።

ደምሴ በየእሑዱ ይመጣ ጀመር። ወፍራም፣ ሲተነፍስ አፍንጫው የሚያፏጭ ሰው ነበር። ይቀመጥና በጉን ወደ ራሱ ስቦ ወገቡን ይዳብሰዋል፣ ላቱን በእጁ ይመዝነዋል። እኔ በጉን የሚወደው መስሎኝ ነበር። አባቴ እኔን እንኳ እንዲያ አድርጎ ዳብሶኝ አያውቅም ነበር። እንዲያውም አዘንኩለት፤ ሚስት የለው፣ በግ የለው አልኩና ቅዳሜ ቅዳሜ ለምለም ሣር አጭጄ እጠብቀው ነበር።

“ይህስ ይደርሳል” አለ አንድ ቀን፣ የበጉን ጎን መታ መታ እያደረገ። “አንቺም እንደሱ ትንሽ ሥጋ ያዥ እንጂ፣ ጥሩነሽ። ጾሙ ጎድቶሻል።”

“በጉ ሊበላ ነው የሚወፍረው” አለች እናቴ ማሽላዋን ከመፍጨት ሳታቋርጥ። “እኔን ማን ሊበላኝ ነው?”

ደምሴ ሳቀ። ከሄደ በኋላ እናቴ ያንን ያጨድኩትን ሣር አነሣችና ለጎረቤት አህያ ሰጠችው። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

በጾሙ አጋማሽ እናቴ ልጅ ልትበደር ወጣች። አብሬያት ሄድኩ። የሄድነው ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ነው፤ የወታደር ሚስት፣ የእናቴ የአገሯ ልጅ፣ አንድ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ያላት።

“አልጣዬ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። እጁን ቢላው ላይ ካደረገልኝ ይበቃኛል።”

አልጣሽ በሩን ገርበብ አደረገችው። “እኔስ በወደድኩ። ባሌ ግን ይገድለኛል። ሻምበሉ ደምሴ ብሏል።”

“ማን ያያል? ጎህ ሲቀድ መጥቶ ይመለሳል።”

“ልጅ እኮ ነው፣ ጥሩዬ። ምላሱ የት ያርፋል? ይኸው ትናንት አባቱ ጠላ ሰርቆ መጠጣቱን ለቄሱ ነግሮ አዋረደን።”

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ነገሩ የተሳካ መስሎኝ ነበር። በመንገድ ላይ ግን እናቴ እጄን አጥብቃ ስለ ያዘችው ጣቶቼ ደነዘዙ።

አሁን ስለ ሀቦባ ዘይነብ ልናገር። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናት፤ ሀቦባ ማለት በእነሱ ዘንድ አያት እንደ ማለት ነው፤ እኛም እንዲሁ እንላታለን። በአጥራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ሀቦባ በየጠዋቱ ሳትጠራ ትመጣና ከሥሩ ትቀመጣለች፤ ሰሊጥ ታበጥራለች፣ ወይም ዝም ብላ ትቀመጣለች። ቤቷ ጥላ የሌላት፣ ብቸኛ ባልቴት አድርጌ ነበር የማስባት። አጥሩ ሳይታጠር በፊት ሾላው የእሷ፣ መሬቱም የልጆቿ እንደ ነበረ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጎረቤት ልትጠይቅ አልነበረም የምትመጣው። ዛፏ ሥር ነበር የምትቀመጠው። እናቴ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን አልከለከለቻትም፤ መሬቱን ግን አልመለሰችላትም። ይህንንም የምጽፈው እናቴን ቅድስት የሚያደርጓት ሰዎች እንዲያነቡት ነው።

የዚያን ዓመት አረፋ በእኛ ጾም ውስጥ ዋለ። የሀቦባ ልጆች ከታች መንደር ሁለት ፍየልና አንድ በግ አረዱ። ጭሱ በሽመሉ አጥር እየሾለከ ይመጣል። እኔ ከጎመንና ከሽምብራ በቀር የቀመስኩት ከሌለ አርባ ቀን አልፎኛል። ሀቦባ የእኛን ሕግ ታውቃለች፤ ለእናቴ የላከችው ሥጋ ሳይሆን ከሱዳን ነጋዴዎች የተገዛ ተምር ነበር። ሳህኑን ልመልስ የተላክሁት እኔ ነኝ። እዚያ ስደርስ የልጅ ልጆቿ ከፍም ላይ ጉበት እያነሡ ይበላሉ። አንዷ፣ እኩያዬ፣ ለኔም አነሣችልኝ። በላሁት። ጾም ሽሬ፣ ደግሞም የእስላም ሥጋ። ወደ ቤት እየሮጥኩ አፌን በአፈር አሸሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ የሚሆነው ክፉ ነገር ሁሉ በኔ የመጣ መሰለኝ። እህቴ ስታስል በጉበቱ ነው። ቄሱ ሲያልፉ ሰላም ካላሉን በጉበቱ ነው።

በማግሥቱ ሀቦባ ሾላው ሥር ተቀምጣ እናቴን አየቻት። እናቴ የምትፈጨውን ትታ ወደ በጉ ትመለከት ነበር።

“ቢንቲ፣ አንተ ምን ሆነ?” አለቻት። ቢንቲ ልጄ ማለቷ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነበር የምትለው። “ሰው ሞተ። ቤት አልሞተም።”

እናቴ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ሻምበሉን፣ ደምሴን፣ የአልጣሽን ልጅ። ሀቦባ ሰሊጡን አስቀመጠች።

“ልጄ መጥቶ ያርዳል፣ ትፈልጋለህ?”

“አይሆንም፣ ሀቦባ። ልጅሽ ካረደው አልበላውም። እኛ ባርከን የሰጠንሽንም አንቺ አትበዪውም።”

“አልበላም” አለች ሀቦባ ወዲያው። “ያንተ ሥጋ ለእኔ አይሆንም። የእኔ ሥጋ ለአንተ አይሆንም። ተምር ግን ሃይማኖት የለውም።” ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ “ወንድ ከሌለ ራሱ ማረድ ነው። በእኛ ሴት ያርዳል። እኔ ባሌ ወርቅ አጠባ ሄደ፣ ፍየል ሊሞት ሆነ፣ እኔ አረድኩ። ሼኩን ጠየቅኩት፣ ሐላል ነው አለ። የእናንተ አላህ ሴትን አይሰማም?”

እናቴ ወደ ወፍጮዋ አልተመለሰችም።

በዚያ ሳምንት ሀቦባ ከቤቷ አንገተ ረጅም ቅል ይዛ መጣች። ቅሉን አጋድማ በጉልበቷ ያዘችው፤ ቢላዋ ከየት እንደሚነሳ፣ ጉሮሮው የቱ ጋ እንደሆነ፣ እጅ ሳይፈራ በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሳብ አሳየቻት። ሁለት ሴቶች ቅል ሲያርዱ አይተን እኔና እህቴ መሬት ላይ ተንከባለልን። እናቴም ሳቀች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ሦስት ቅል ተሰበረ። አራተኛው ላይ ሀቦባ “ይበቃል” አለች፤ “ቃሉን እኔ አላስተምርም። ቃል የራስህ ነው።”

በቅዳሜ ሹር ቄጠማ ይዘው በየቤቱ የሚዞሩት የሰፈሩ ቄስ፣ አባ ተክሌ፣ የኛን ደጅ ዘለሉ። ጉበቱ ነው አልኩ በልቤ። እናቴ ራሷ ወንዝ ወርዳ ቄጠማ ነጨች፤ ለኔም ለእህቴም ግንባር ላይ አሰረችልን። ለበጉም አሰረችለት።

የፋሲካ ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ ጎህ ቀዶ ነበር። በተልባ ገደፍን። ከዚያ እናቴ በጉን አወጣችው። ከጎጆው ኋላ ታርደዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከሚመለስበት መንገድ ዳር ወሰደችው። የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። በጉን ጣለችው፣ በጉልበቷ ያዘችው።

“ራሱን ወደ ምሥራቅ ያዢልኝ” አለችኝ። ያዝኩ። ዓይኑ እኔን ያይ ነበር።

“በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ” አለች፤ ድምፅዋ ጮክ ያለ ነበር፤ አላፊው እንዲሰማ።

እንደ ቅሉ አልሆነም። በጉ ተወራጨ፤ ቢላው አንድ ጊዜ ሳተ፤ እናቴ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሳበች። ደሙ እስከ ክርኗ ደረሰ። ሴቶች ቆመው አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሄዱም አሉ። አልጣሽ ልጇን ይዛ አለፈች፤ ልጁ ግን ዞሮ ዞሮ ያየን ነበር።

ቆዳው ሳይገፈፍ ደምሴ መጣ፤ ቢላውን በጨርቅ ጠቅልሎ።

“ማን አረደው?” አለ።

“እኔ።”

“እጅሽን ማን ያዘልሽ ማለቴ ነው።”

“ማንም።”

ጨርቁን ፈታ፣ ቢላውን አየው፣ መልሶ ጠቀለለው። “ሳምንቱን ሙሉ ስስለው ነው የሰነበትኩት።”

“እንኳን ሳልከው። ሽንኩርት ክተፍበት።”

ቢላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ወደ ሻምበሉ እንደሚሄድ ሁላችንም አወቅን። እናቴ ግን ሥጋውን መዘልዘሏን ቀጠለች። ጥብሱ ከፍሙ ላይ ሲንጫጫ ሻምበሉ መጣ፤ ከኋላው አባ ተክሌ፣ ከእሳቸው ኋላ ግማሽ ሰፈር። ዛሬ ከበቅሎው ወረደ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቅሁ። ለምን እንደመጡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።

“ሴት ያረደችው አይበላም” አለ ሻምበሉ። “ይህን የተማርሽው ከዚያች ከእስላሟ ነው አሉ። ቅል ስታርዱ ታይታችኋል አሉ። ይህ የእስላም ሥጋ ነው።”

“የቢላ አያያዙን ከእሷ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ቃሉ የራሴ ነው። በመንገድ ዳር ነው ያልኩት፤ የሰማ ይናገር።”

ማንም አልተናገረም። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

“እኔ ነኝ” አልኩና አለቀስኩ። “እኔ ነኝ የበላሁት። በአረፋ፣ ሀቦባ ቤት፣ ጉበት። እናቴ አልበላችም።”

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሻምበሉ ወደ አባ ተክሌ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ዛሬም አልጠፋኝም። “ይኸው ሰሙ፣ አባ። ቤቱ ሰልሟል። በሁዳዴ።”

አባ ተክሌ ጎንበስ ብለው አዩኝ። “ስንት ዓመቷ ነው?”

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጾም አይጠየቅም። እኔ ሰባት ከሞላኝ ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር፤ አባ ተክሌ ራሳቸው ናቸው መጾም ጀምሪ ያሉኝ።

“ሰባት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል” አለች እናቴ።

ስትዋሽ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባ ተክሌ እናቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ጥብሱ አዩ፤ እሳቸውም አምሳ አምስት ቀን ጾመዋል።

“እንግዲህ ሕፃን ናት” አሉ ቀስ ብለው። “ሕፃን ያገኘችውን ትበላለች።”

“በጉስ?” አለ ሻምበሉ። “ሴት ማረዷስ?”

“የት ተጽፏል?” አለች እናቴ። ሻምበሉን ሳይሆን ቄሱን ነበር የጠየቀችው። “አባ፣ ሴት አትባርክ የሚለው የት እንደተጻፈ ይንገሩኝና ሥጋውን ለውሻ እሰጠዋለሁ።”

አባ ተክሌ ጢማቸውን ያዙ። “ተጽፎ አላየሁም” አሉ። “ያላየሁት ግን ብዙ ነው። ልማድ ነው፣ ልጄ።”

“ልማዱን የሚያደርግልኝ ሰውዬ ሞተ። እኔ ምን ላድርግ?”

“ለትዕቢትሽ ንስሐ ትገቢያለሽ። በዓለ ሃምሳ ሲወጣ አርባ ቀን፣ በቀን አርባ ስገጂ።”

“ለትዕቢቴ እሰግዳለሁ። ለበጉ ግን አልሰግድም።”

ሻምበሉ ትዕግሥቱ አለቀ። “ይህን ሁሉ አልጠየቅኩም። መሬቱን ነው የጠየቅኩት።”

“እርስዎ በዚህ አጥር ደጅ የተናገሩት አለ” አለች እናቴ። “በግሽ በሥላሴ ስም ተባርኮ ከታረደ ቤቱ ቤት ነው ብለዋል። አባ ይፍረዱ። ተባርኳል ወይስ አልተባረከም?”

አባ ተክሌ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በዚያ ቅጽበት የምንተኛበት ጎጆ፣ ማሽላው፣ ሁላችንም በእኚህ የተራቡ ሽማግሌ አፍ ላይ ነበርን፤ ያ እንኳ ለኔም ገብቶኝ ነበር።

“የሥላሴ ስም ተጠርቶበታል” አሉ በመጨረሻ። “አልተጠራበትም ማለት አልችልም። ዛሬ ደግሞ ፋሲካ ነው።”

ሻምበሉ ሰው ፊት የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነኝ ማለት ይወድ ስለ ነበር ቃሉን አላጠፈም። ነገር ግን ሳይቀጣት አልሄደም። “የወታደር መሬት የምትበላ የወታደር ሥራ ትሥራ” አለና የሁለት ሰው ስንቅ በየወሩ እንድትፈጭ ፈረደባት። ፈጨችው። አሥራ አንድ ዓመት ፈጨችው፤ ትከሻዋ ወደ አንድ ወገን የተጣመመው በዚያ ነው። በዚያች ጎጆ ኖረች፣ በዚያች ጎጆ ሞተች።

አባ ተክሌ ሥጋውን አልበሉም። ከሰፈሩም የበላ የለም፣ ከአልጣሽ በቀር። እሷም ከሰዓት በኋላ እሳት ልጫር ብላ መጣችና ከበሩ ኋላ ቆማ ሁለት ጎድን ጋጠች። “ጨው አነሰው” ብላ ሄደች።

እኔ ልብላ ወይስ ልቅር ብዬ ሥጋውን ይዤ ተቀምጬ ነበር። እናቴ አጠገቤ ቁጭ አለች።

“ያ ጉበት ጣፈጠሽ?”

“አዎ” አልኩ።

“ጉበትማ ይጣፍጣል” አለችና ፀጉሬን ዳበሰችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደም ስለፈራች መሰለኝ። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እጇ ሥራ ፈቶ ያረፈው በዚያን ሰዓት መሆኑ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ የኔም እጅ ሲያርፍ እንዲያ ሲያደርገው አይቼ።

በዓለ ሃምሳ ሲወጣ እናቴ ሰገደች። በአርባኛው ቀን እጄን ይዛ አባ ተክሌ ዘንድ ወሰደችኝ። “እርስዎ ተጽፎ አላየሁም ብለዋል” አለቻቸው። “እሷ ታንብብና ትይልኝ።” ሴት ልጅ ፊደል የምትቆጥርበት ጊዜ አልነበረም። አባ ተክሌ ግን እምቢ አላሉም፤ ምናልባት እሳቸውም ማወቅ ፈልገው ይሆናል። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ደገምኩ፣ ወንጌሉን ጨረስኩ። ዘሌዋውያንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወደ ቤት በተመለስኩ ቁጥር እናቴ ከወፍጮዋ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች፤ “አገኘሽው?”

“አላገኘሁም፣ እማዬ።”

“ቀጥዪ። ገና አላለቀ ይሆናል።”

አግብቼ ባምባሲ ስገባ፣ የመጀመሪያው ፋሲካ ጠዋት ባሌ ቢላውን አንሥቶ ሲወጣ ነገርኩት። ነጋዴ ነበር፤ ደም ያየ እንደሆነ የሚያጥወለውለው። ቢላውን እንደ ትኩስ ፍም ቶሎ አቀበለኝ። “ገላገልሽኝ” አለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሃያ ሦስት በግ ባርኬ አርጃለሁ። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶን “አለቀ? አለቀ?” ይል ነበር። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ፋሲካ ማለት እናት የምታርድበት፣ አባት ዓይኑን የሚጨፍንበት ቀን ይመስላቸው ነበር፤ ጎረቤት ሄደው ሌላ ሲያዩ ነው የደነገጡት።

አንድ ነገር ግን ተጣልተንበታል። ለዘመዶቹ “እኔ ነኝ የማርደው” ይላቸው ነበር። “ለነገር ማብረጃ ነው፣ ሆዴ” ይለኛል። ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ዝም ማለቴ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህም እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ጾሙ ሳይወጣ ነው። አሁን ፋሲካ አልፏል።

የባሌ ታላቅ ወንድም በቅዳሜ ሹር ከነሻንጣው መጣ። “ወንድሜ በጉን ያርድበት የነበረውን ቦታ አሳዩኝ” አለ። ማታ ራት ላይ ሐሳቡን ገለጠልን፤ ነገ በጉን ባርኮ ካረደልን በኋላ ቤቱ ተዘግቶ እኔና ልጆቼ ወደ እሱ ግቢ እንገባለን፤ ወንድ የሌለበት ቤት ቤት አይደለም። ቃሉ ሳይቀር ያው ነበር። ልጆቼ እኔን አዩኝ። “እንብላ” አልኳቸው።

ጠዋት በጉን ራሴ አወጣሁት፤ ወደ መንገዱ ዳር። ትልቋ ልጄ ቢላውን አምጥታ ሰጠችኝ። እሱ እጁን ዘረጋ።

“እኅቴ፣ እኔ እያለሁ?” አለ። “ወንድሜ ምን ይላል?”

“ወንድምህ አንድ ቀን አርዶ አያውቅም፣ ጋሼ። ዋሽቶሃል። ስለ ወደደኝ ነው የዋሸህ፤ አትቀየመው።”

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው እየቆመ ነበር። እሱ ሰዉን ሁሉ አየ፣ ልጆቼን አየ፣ እኔን አየ። ሐዘንተኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወንድሙ ነው የሞተበት። ቢሆንም ቢላውን አልሰጠሁትም። በጉን ጥዬ በጉልበቴ ያዝኩት፤ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋኝ ነው፣ በጉም ብርቱ ነበር።

“በከንቱ አትቁም” አልኩት። “እግሩን ያዝልኝ።”

ያዘ።